ከወደቀ በኋላ የሚጀምረው ሚኖታውሮ

በእኛ አገር ልጆች ሜዳ ላይ ትግል ሲገጥሙ ሕጉ አጭር ነው። ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። «ጣለው!» ከተባለ በኋላ ክርክር የለም። ከላይ ያለው ጀግና ይባላል፣ ከታች ያለው አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ይህን ሕግ በጭንቅላቱ ይዞ የብራዚላዊውን የአንቶኒዮ ሮድሪጎ ኖጌራን ፍልሚያ የሚመለከት ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም። ሰውዬው ይወድቃል። ከላዩ መቶ ምናምን ኪሎ የሚመዝን ተጋጣሚ ተጭኖ በቡጢ ይወቅጠዋል። ተመልካች «በቃ፣ አበቃለት» ሲል ከላይ የነበረው ተፋላሚ በድንገት ክንዱ ተይዞ እጅ ይሰጣል።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። «ሚኖታውሮ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ኖጌራ ግን ምሳሩን ይዞ የሚያስቀር ዛፍ ነበር። በዚህ ችሎታው በጃፓንም በአሜሪካም የከባድ ሚዛን ቀበቶ አጥልቋል። በዚሁ ችሎታው የተነሳም አካሉ ብዙ ዋጋ ከፍሏል። የዛሬው ጽሑፋችን ሁለቱንም ይመለከታል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁሉም የተቀላቀለበት ስፖርት

ሚክስድ ማርሻል አርት ቦክስን፣ የእግር ምትን፣ ጁዶን፣ ነፃ ትግልንና ጁጂትሱን በአንድ መድረክ ያገናኘ ስፖርት ነው። ተፋላሚው ተጋጣሚውን በዝረራ፣ በዳኞች ነጥብ ወይም እጅ በማሰጠት ሊያሸንፍ ይችላል። እጅ ማሰጠት ማለት ክንድን ቆልምሞ ወይም አንገትን አንቆ ተጋጣሚው መሬቱን በመዳፉ መታ መታ እስኪያደርግ ድረስ መያዝ ነው። መታ ካደረገ ተሸንፏል ማለት ነው።

ብራዚላውያን በዚህ ስፖርት ስማቸው የገነነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጃፓናዊው የጁዶ ባለሙያ ሚትሱዮ ማዬዳ በ1914 ብራዚል ገብቶ በኋላ ለካርሎስ ግሬሲ አስተማረው። የግሬሲ ቤተሰብም ከመሬት ላይ ሆኖ መፋለምን ዋና ሙያው አድርጎ ብራዚላዊ ጁጂትሱ የሚባለውን አሳደገ። በኖቬምበር 1993 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የመጀመሪያው ዩኤፍሲ ሲካሄድ ቀጭኑ ሮይስ ግሬሲ ከእሱ የሚገዝፉትን ሰዎች በየተራ እጅ አሰጥቶ ውድድሩን አሸነፈ። በጀርባ መተኛት ሽንፈት አለመሆኑን ብዙ ሰው ያየው ያን ጊዜ ነው። ተፋላሚው በጀርባው ተኝቶ ተጋጣሚውን በእግሮቹ መሐል ሲይዘው «ጋርድ» ይባላል። ኖጌራ ይህንን ወደ ከባድ ሚዛን ወሰደው። እዚያ ደግሞ የሚያርፈው ቡጢ የዋዛ አይደለም።

የጭነት መኪናው

ኖጌራ ጁን 2 ቀን 1976 ባሂያ በሚባለው የብራዚል ግዛት ቪቶሪያ ዳ ኮንኪስታ ከተማ ተወለደ። መንታ ነው። ወንድሙ አንቶኒዮ ሮጄሪዮም ኋላ ታዋቂ ተፋላሚ ሆኗል። ሁለቱ ከመመሳሰላቸው የተነሳ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሮድሪጎን ለመለየት ግን አንድ ምልክት አለ፤ ጀርባው ላይ ትልቅ ጉድጓድ የሚመስል ጠባሳ ይታያል።

የጠባሳው ታሪክ እንዲህ ነው። በ10 ዓመቱ ገደማ የጭነት መኪና ገጨው፤ ሄደበት። ለአራት ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆየ። አንድ የጎን አጥንቱንና የጉበቱን ክፍል አጣ። ሆስፒታል ውስጥ ያሳለፈው ጊዜ በቀን ሳይሆን በወር የሚቆጠር ነበር፤ አስራ አንድ ወር ያህል እንደተኛ ይነገራል። ከአደጋው በፊት ጁዶ ጀምሮ ነበር። ሲያገግም ወደ ስፖርቱ ተመለሰ፣ ቀጥሎም ጁጂትሱና ቦክስ ያዘ።

ብዙ ጸሐፊዎች የኖጌራን ጽናት ሁሉ ከዚህ አደጋ ጋር ያያይዙታል። «የጭነት መኪና ያልገደለውን ሰው ቡጢ ምን ያደርገዋል?» ይላሉ። አባባሉ ያምራል፣ ግን የሰውዬውን ሙያ ይደብቃል። ዱላ መቻል ብቻውን ቢሆን ኖሮ የቻለው ሁሉ ሻምፒዮን ይሆን ነበር። ኖጌራ ዱላውን የሚችለው እየጠበቀ ነው። ከላዩ ያለው ሰው ለመምታት እጁን ሲዘረጋ ያ የተዘረጋው ክንድ መያዣ ይሆንለታል። ቡጢው በበዛ ቁጥር የሚያዘው ክንድም ይበዛል።

ቶኪዮ ላይ

ወደዚህ ስፖርት በፕሮፌሽናልነት የገባው በ1999 ነው። ያኔ ትልቁ ገበያ ጃፓን ነበር። በፌብሩዋሪ 2001 «ሪንግስ» የተባለው ድርጅት ያዘጋጀውን የንጉሦች ንጉሥ ውድድር አሸነፈና በዚያው ዓመት ፕራይድ ወደተባለው ታላቅ ውድድር ተሸጋገረ። በጁላይ ጋሪ ጉድሪጅን፣ በሴፕቴምበር የመጀመሪያውን የዩኤፍሲ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ማርክ ኮልማንን እጅ አሰጠ። ኖቬምበር 3 ቀን 2001 ደግሞ ሂዝ ሄሪንግን በነጥብ አሸንፎ የመጀመሪያው የፕራይድ ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ማለት ነው!

እስከ ዛሬ በአድናቂዎቹ አፍ ያለው ፍልሚያ ግን ኦገስት 28 ቀን 2002 የተደረገው ነው። ቦታው የቶኪዮው ብሔራዊ ስታዲየም ነው። ለእኛ ይህ ስታዲየም እንግዳ አይደለም። በ1964ቱ ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከሳምንታት በኋላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ጉድ ያለበት ስታዲየም ነው። ከ38 ዓመት በኋላ በዚያው ሜዳ ላይ ሪንግ ተተከለ፣ በአዘጋጆቹ ቆጠራ ከ90 ሺህ በላይ ሕዝብም ገባ።

ተጋጣሚው ቦብ ሳፕ ነው። ሳፕ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች የነበረ፣ 170 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የጡንቻ ክምር ነው። ኖጌራ 105 ኪሎ ቢሆን ነው። ልብ በሉ፣ ልዩነቱ ራሱ አንድ ሙሉ ሰው ይወጣዋል። ፍልሚያው ገና እንደተጀመረ ኖጌራ እግር ለመያዝ ሲገባ ሳፕ ወደ ላይ አነሳውና ዘቅዝቆ በአናቱ መሬት ላይ ተከለው። አንገቱ ተሰበረ ያላለ ተመልካች አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ደቂቃ ለማየት ይከብዳል። በፕራይድ ሕግ የመጀመሪያው ዙር አሥር ደቂቃ ነው። ሳፕ ከላይ፣ ኖጌራ ከታች፣ ቡጢው ይዘንባል።

ግን 170 ኪሎ ለሚሸከመውም ይከብዳል። ሳፕ ደከመ፣ አፉን ከፍቶ መተንፈስ ጀመረ። ኖጌራ ደግሞ ፊቱ አብጦም ቢሆን ከታች ሆኖ አንድ ጊዜ ክንድ፣ አንድ ጊዜ አንገት እየሞከረ ነው። በሁለተኛው ዙር 4 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ላይ የሳፕ ክንድ በኖጌራ እግሮች መሐል ተዘረጋ። ግዙፉ ሰው እጅ ሰጠ። ዳዊትና ጎልያድ ቢባል ማጋነን አይሆንም፣ የዚህኛው ዳዊት ግን ወንጭፍ እንኳን አልነበረውም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2003፣ ተመሳሳይ ነገር በሌላ መልክ ታየ። ክሮኤሺያዊው ሚርኮ ክሮኮፕ በግራ እግሩ ብዙ ሰው የዘረረ አስፈሪ ተፋላሚ ነው። የመጀመሪያው ዙር ሙሉ በሙሉ የእሱ ነበር። ዙሩ ሊያልቅ ሲል ጭንቅላት ላይ ባረፈ እግር ኖጌራን ጣለው፤ ደወሉ አዳነው። በሁለተኛው ዙር ኖጌራ ወዲያው መሬት ላይ አወረደው። 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ላይ የክሮኮፕ ክንድ ተያዘ። ጊዜያዊው የፕራይድ ቀበቶ የኖጌራ ሆነ።

መፍትሔ ያልተገኘለት ሩሲያዊ

ጊዜያዊ የተባለው ዋናው ቀበቶ ሌላ ሰው ጋር ስለነበር ነው። ማርች 16 ቀን 2003 ዮኮሃማ ላይ ሩሲያዊው ፌዶር ኤሜሊያኔንኮ ኖጌራን በነጥብ አሸንፎ ቀበቶውን ወስዶበታል። ይህ ፍልሚያ ስፖርቱን የለወጠ ነው ማለት ይቻላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ኖጌራ እግሮች መሐል መግባት እንደ ራስ ማጥፋት ይታይ ነበር። ፌዶር ግን ሆን ብሎ ገባ። ሳይቸኩል፣ ክንዱን ዘርግቶ ሳይተው፣ መትቶ ወዲያው እየሰበሰበ ሦስት ዙር ሙሉ ወቀጠው። መያዣው ጠፋ።

በ2004 ሁለት ጊዜ ደግመው ተገናኙ። የመጀመሪያው ፌዶር በግጭት ጭንቅላቱ ተሰንጥቆ ያለ ውጤት ተቋረጠ። ዲሴምበር 31 ቀን በተደረገው ፌዶር እንደገና በነጥብ አሸነፈ። ኖጌራ በዚያ ዘመን ያልፈታው እንቆቅልሽ ይሄ ሰውዬ ብቻ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም።

ሁለት ደቂቃ የበቃው

ፕራይድ በ2006 የቴሌቪዥን ውሉ ከተቋረጠ በኋላ አልቆመም፤ በ2007 ለዩኤፍሲ ባለቤቶች ተሸጠ። ኖጌራም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። አሁን ገመድ ባለው ሪንግ ፋንታ በሽቦ የታጠረ መድረክ፣ በአሥር ደቂቃ ፋንታ የአምስት ደቂቃ ዙር ነው።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2008 ላስ ቬጋስ ላይ ከሁለት ሜትር በላይ ከሚረዝመው ከቲም ሲልቪያ ጋር ለጊዜያዊው ቀበቶ ተገናኘ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ወደቀ። ሁለተኛውም የሲልቪያ ነበር። በሦስተኛው ዙር ኖጌራ ሲልቪያን ጎትቶ መሬት አወረደውና ገለበጠው። ሲልቪያ ሊነሳ ሲል አንገቱ ተያዘ። 1 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ላይ ፍልሚያው አለቀ። በዚህም የፕራይድንና የዩኤፍሲን የከባድ ሚዛን ቀበቶ ያጠለቀ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሲጠየቅ የሰጠው መልስ በአጭሩ እንዲህ የሚል ነበር። ሦስት ዙር ያህል የእሱን ጨዋታ ተጫወትኩ፤ እሱ የኔን የተጫወተው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።

ሒሳቡ ሲመጣ

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን ቁጥር እንመልከት። ኖጌራ ሥራውን ሲያቆም 34 ጊዜ አሸንፎ፣ 10 ጊዜ ተሸንፎ፣ አንድ ጊዜ አቻ ወጥቶ፣ አንድ ፍልሚያው ያለ ውጤት ተቋርጦበት ነበር። ከአሥሩ ሽንፈቶች የመጀመሪያዎቹ አራት፣ ማለትም ከዳን ሄንደርሰን፣ ሁለቴ ከፌዶርና ከጆሽ ባርኔት ጋር የተደረጉት፣ በሙሉ በነጥብ ናቸው። እስከ ዲሴምበር 2008 ድረስ ኖጌራን በዝረራም ሆነ እጅ በማሰጠት ያሸነፈው አንድም ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ከመጡት ስድስት ሽንፈቶች ውስጥ ግን አምስቱ ከደወሉ በፊት ያለቁ ናቸው።

ድልድዩ የተሰበረው ዲሴምበር 27 ቀን 2008 ነው። ፍራንክ ሚር ደጋግሞ ጣለውና በሁለተኛው ዙር ዳኛው አስቆመው። ኖጌራ ከፍልሚያው በፊት በኢንፌክሽን ታሞ እንደነበር በኋላ ተነገረ። ይሁን እንጂ ያዩት ሁሉ ያወሩት እግሩ እንደ ድሮው አለመታዘዙን ነው። በኦገስት 2009 አንጋፋውን ራንዲ ኩቱርን በሚያምር ፍልሚያ በነጥብ ሲያሸንፍ አድናቂዎቹ እፎይ አሉ። ምን ዋጋ አለው፣ በፌብሩዋሪ 2010 ሲድኒ ላይ ወጣቱ ኬን ቬላስኬዝ በ2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ዘረረው። ቡጢን እየቻለ መጠበቅ ድሮ ይሠራ ነበር፤ አሁን ግን መጠበቂያ የሚሆነው ጊዜ አለቀ።

ከዚያ ዳሌውንና ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና አደረገ። ለአንድ ዓመት ተኩል ከመድረክ ጠፋ። ሲመለስ ዕድሜው 35 ነው፣ ቦታው ሪዮ ዴ ጄኔሮ ነው። ዩኤፍሲ ከ1998 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብራዚል የገባበት፣ ኦገስት 27 ቀን 2011። ተጋጣሚው ብሬንዳን ሾብ ወጣትና ተከታታይ ድል ያለው ነበርና ሽማግሌው ይዘረራል ያለው ሰው ብዙ ነው። የሆነው ተቃራኒው ነው። 3 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ላይ የተዘረረው ሾብ ነው። በሙሉ ሕይወቱ በዝረራ እምብዛም የማያሸንፈው ኖጌራ በአገሩ ሕዝብ ፊት በቡጢ አሸነፈ። አዳራሹ ተናወጠ።

በዚያች ሌሊት ቢያቆምስ ኖሮ? አላቆመም። ዲሴምበር 10 ቀን 2011 ቶሮንቶ ላይ ከሚር ጋር እንደገና ተገናኘ። በዚያው ምሽት ቀደም ብሎ መንታው ሮጄሪዮ ቲቶ ኦርቲዝን አሸንፏል። ሮድሪጎም ሚርን በቡጢ አንገዳገደው፤ ጥቂት ቢጨምር ያለቀለት ይመስል ነበር። እሱ ግን ልማዱ አሸነፈውና አንገት ለማነቅ ሄደ። ሚር ተገለበጠና ክንዱን ያዘ። የስንቱን ክንድ የያዘው ሰው አሁን የራሱ ክንድ ተያዘ። እጅ አልሰጥም አለ። የላይኛው የክንዱ አጥንት ተሰበረ። እጅ አሰጥቶ የማሸነፍ ጌታ የተባለው ሰው በሙያ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚሁ መንገድ ተሸነፈ። ክንዱ በብረትና በብሎን ተጠገነ።

አሁንም ተመለሰ። በኦክቶበር 2012 ጁጂትሱ በእኔ ላይ አይሠራም ይል የነበረውን ዴቭ ኸርማንን ሪዮ ላይ ክንዱን ቆልምሞ እጅ አሰጠው። ይህ የመጨረሻ ድሉ ሆነ። በ2013 ፋብሪሲዮ ቨርዱም ክንዱን ይዞ አሸነፈው፣ በ2014 አቡ ዳቢ ላይ ሮይ ኔልሰን ዘረረው። ኦገስት 1 ቀን 2015 በሪዮ ስቴፋን ስትሩቭ በነጥብ አሸነፈው። ሮጄሪዮም በዚያው ምሽት በማውሪሲዮ ሾጉን ተሸነፈ። ሮድሪጎ በ39 ዓመቱ አቆመ። በ2016 ዩኤፍሲ በታላላቆቹ መዝገብ ውስጥ ስሙን አሰፈረ።

መቼ ይበቃል?

ስለ ኖጌራ የሚከራከሩ ሰዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ ወገን «ያን ሁሉ ዱላ ባይቀበል ኖሮ ኖጌራ አይሆንም ነበር» ይላል። ሌላው «አሠልጣኞቹና አዘጋጆቹ በጊዜ ሊያስቆሙት ይገባ ነበር» ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ግን ስለተለያየ ጊዜ ነው የሚያወሩት። በ2002 ከሳፕ ሥር ሲወቀጥ የነበረው ኖጌራ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር፤ እያንዳንዱ ደቂቃ ወደ ድል የምትወስደው ነበረች። በ2014 ከኔልሰን ፊት የቆመው ኖጌራ ግን የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። ትዕግሥቱ ያው ነው፣ አካሉ ግን ያ አይደለም። ጀግንነት ብለን ያጨበጨብንለት ነገር መቼ ጉዳት ብቻ እንደሚሆን ተፋላሚው ራሱ አያውቀውም። ስለዚህ ከጎኑ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

የሚገርመው ኖጌራ ራሱ ለሌሎች እንዲህ ያለ ሰው ነበር፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ቢሆንም። አንደርሰን ሲልቫ ጃፓን ውስጥ ከገጠመው ሽንፈት በኋላ ስፖርቱን ሊተው ሲል «ቀጥል» ብሎ የመለሰው ኖጌራ ነው። ሲልቫ በኦክቶበር 2006 የዩኤፍሲ መካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ እስከ ጁላይ 2013 ማንም አልቀማውም። አብሮት ይለማመድ የነበረው ጁኒየር ዶስ ሳንቶስም በኖቬምበር 2011 የከባድ ሚዛኑን ቀበቶ በ64 ሰከንድ ወሰደ። የተዘረረው ማን ነበር? ሲድኒ ላይ ኖጌራን የዘረረው ኬን ቬላስኬዝ!

የሳፕን ፍልሚያ ፊልም የሚያገኝ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያደርግ እንመክራለን። መጨረሻዋን ደቂቃ ብቻ አሳልፎ እንዳያይ። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ፣ ከታች ያለውን ሰውዬ እጆች ይመልከት። እየተመታም አያርፉም። አንድ ነገር እየፈለጉ ነው።